ልጆቻችን በእግርና በብስክሌት ያለ አደጋ ትምህርት ቤት እንዲደርሱ የሠራነው ሥራ

ባሕር ዳር ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ከተማ በመሆኗ ከሌሎቹ የጎጃም ከተሞች ይልቅ ብስክሌት የለመደች ናት፤ አባት ወደ ሥራው፣ ልጅም ወደ ትምህርት ቤቱ በብስክሌት መሄዱ ለማንም እንግዳ አይደለም። እኔ በከተማዋ በአንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ከወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረታችን ጋር ሆነን የልጆቹን የመንገድ ደኅንነት ሥራ ስንጀምር በቅድሚያ ያደረግነው የትራፊክ ደንብ በሰሌዳ ላይ መጻፍ ሳይሆን፣ ልጆቹ በሚሄዱበት ሰዓት፣ በሚሄዱበት መንገድ አብረናቸው መሄድ ነበር። ዛሬ ሌላ ትምህርት ቤት ምክር ቢጠይቀኝ ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው ይህንኑ ነው።

ወላጆች አጥብቀው ይፈሩ የነበረው ሰፊውን አስፋልት ነበር። አብረን ስንሄድ ግን ይበልጥ አስጊ ሆኖ ያገኘነው የትምህርት ቤታችን በር ነው። ትምህርቱ በፈረቃ ስለሆነ ስድስት ሰዓት ገደማ የጠዋቶቹ ሲወጡ የከሰዓቶቹ ይገባሉ፤ በዚያው ሰዓት ልጅ ሊወስዱ የመጡ ባጃጆች በሩ ፊት ይደረደራሉ፤ በሁለት ባጃጆች መካከል ብቅ የሚል የአንደኛ ክፍል ልጅ የሚመጣውን መኪና አያይም፣ ሾፌሩም ልጁን አያየውም። በልጅ ቁመት ልክ ቁጢጥ ብሎ መንገዱን የተመለከተ አዋቂ ይህን ለማመን ሌላ ማስረጃ አይሻም። ስለዚህ ታናናሾቹ አስቀድመው፣ ታላላቆቹ ጥቂት ቆይተው እንዲወጡ አደረግን፤ ከባጃጅ ተራ አስከባሪዎች ጋርም ተነጋግረን መጫኛውና ማውረጃው ከበሩ አለፍ ብሎ እንዲሆን ተስማማን።

የእግረኛው መሄጃ በአሸዋና በድንጋይ ክምር ተይዞ ልጆቹ ወደ አስፋልቱ እንዲወርዱ የሚገደዱባቸው ቦታዎችም ነበሩ። ለቀበሌ ደብዳቤ ከመጻፍ በፊት ቤት የሚያሠራውን ሰው ሄዶ ማነጋገር ይሻላል፤ «ጋሼ፣ ልጆቻችን በዚህ ነው የሚያልፉት» ሲባል አሸዋውን ወደ ግቢው ያላስገባ ሰው አላጋጠመንም።

ስለ ፍጥነት ማስተማር ከሁሉ ይበልጥ ያስቸግራል፤ ምክንያቱም ትንሽ ልጅ የሚመጣው መኪና ምን ያህል እንደሚርቅ ያያል እንጂ ምን ያህል እንደሚፈጥን መገመት ይከብደዋል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሾፌሩ ልጁን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ገደማ ያልፋል፤ ፍሬኑ ይዞ እስኪያቆመውም በደረቅ አስፋልት ላይ ሌላ 14 ሜትር ያህል ይሄዳል። ይህን በቃል ከመናገር ይልቅ በግቢው ውስጥ 28 ሜትር ገመድ ዘርግተን ልጆቹን ከጫፍ እስከ ጫፍ አስኬድናቸው። አንዲት ልጅ «ዝናብ ሲሆንስ?» ብላ ስትጠይቅ ገመዱን ይበልጥ አራዘምነው። ከዚያ በኋላ «መኪናው ፈጽሞ ሳይቆም አትሻገሩ» የሚለው ትእዛዝ ከነምክንያቱ ገባቸው። በሀገራችን ተሽከርካሪዎች ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ ቀኛቸውን ይዘው ስለሚሄዱ፣ ለመሻገር አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ለቆመ ልጅ ፈጥኖ የሚደርስበት መኪና ከግራው የሚመጣው ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ግራን፣ ቀጥሎ ቀኝን፣ እንደገናም ግራን ማየት ይገባዋል።

ልጆቹን በየሰፈራቸው አቧድነን ከእያንዳንዱ ቡድን ጋር ተራ የሚይዝ አንድ ወላጅ መደብን። የተማሪ ትራፊኮች ሥርዓት በማስያዝ ይረዳሉ፤ ነገር ግን ልጅ አስፋልት መካከል ቆሞ መኪና ማስቆም የለበትም ብዬ በጽኑ አምናለሁ፤ ያ የአዋቂ ሥራ ነው። በመሻገሪያው አጠገብ ጉልት የሚቸረችሩት እናት ቀኑን ሙሉ እዚያው ስለሚውሉ፣ «እትዬ፣ እርስዎ ይጠብቁልን» ብለን ለመንናቸው፤ ልጆቹም ከመምህራቸው ይልቅ እርሳቸውን ይሰማሉ።

ብስክሌቱ የተለየ ትምህርት ይፈልጋል። እግረኛ የሚመጣው መኪና ፊት ለፊት እንዲታየው ግራውን ይዞ ይሄዳል፤ ባለ ብስክሌት ግን ተሽከርካሪ ነውና ቀኙን ይዞ ከመኪናው ጋር በአንድ አቅጣጫ ይነዳል። «ግራችሁን ያዙ» ሲባሉ ያደጉ ልጆች ብስክሌት ላይ ሲወጡም ግራቸውን ይዘው ከመኪና ጋር ፊት ለፊት ሲገናኙ ስላየን፣ ሁለቱን ደንቦች በተለያየ ቀን፣ ለየብቻ ማስተማር ጀመርን። ብዙዎቹ የሚነዱት የአባታቸውን ብስክሌት ነው፤ ኮርቻው ላይ ተቀምጦ እግሩ መሬት የማይነካ ልጅ ድንገት ማቆም ስለማይችል፣ ኮርቻው እስከ መጨረሻው ዝቅ ተደርጎም ካልደረሰ ያ ብስክሌት ገና የእርሱ አይደለም። ጓደኛን ከኋላ ማፈናጠጥንም ከለከልን፤ ይህ ክልከላ ልጆቹን ቢያስከፋም አልተውነውም።

ወደ መንገድ ከመውጣታቸው በፊት በግቢው ውስጥ በኖራ መስመር አስምረን፣ መስመሩ ላይ ማቆምን፣ መሪው ሳይዛባ ወደ ኋላ ዞሮ ማየትን፣ በአንድ እጅ እየነዱ በሌላው መታጠፊያን ማመልከትን አለማመድናቸው። ወደ ኋላ ማየቱ ከሁሉ የከበዳቸው ነው፤ ተሳፋሪ ለማንሳት ድንገት የቆመን ባጃጅ ለማለፍ ግን የሚያስፈልገው ይኸው ነው። በዜብራ ላይ ወርደው ብስክሌቱን እየገፉ ይሻገራሉ። ሄልሜት ለሁሉም ቤት የሚገኝ ዕቃ ስላልሆነ፣ ያለውን ገንዘብ በመጀመሪያ ፍሬን ማሠሪያ ላይ አዋልነው፤ አንድ ብስክሌት ጠጋኝም ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ ጎማ፣ ፍሬንና ካቴና ይመለከቱልናል። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ለእግረኛና ለብስክሌት መሄጃ ስላለው ከዓባይ ማዶ ለሚመጡት ትልቅ እፎይታ ሆኗል፤ መሄጃው አብቅቶ ከመኪና ጋር በሚቀላቀሉበት ቦታ ግን ከታላላቆቹ ጋር እንዲሆኑ እንነግራቸዋለን።

በየመስከረሙ አዲስ ተማሪ ስለሚገባ ሥራው እንደገና ከሥሩ ይጀመራል። ወላጅ ልጁን ባስመዘገበበት ሳምንት መንገዱን አብሮት እንዲሄድ እናሳስባለን፤ በዚያ ወቅት ዝናቡ ገና ስለማያባራ የመንገድ ዳር ቦዮች በሣርና በውኃ ተሸፍነው አይለዩም፣ በራሱ ላይ ፕላስቲክ የደፋ ልጅም ግራ ቀኙን አያይም። ገና ያልተሳካልን በበሩ ግራና ቀኝ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ማሠራት ነው፤ ጥያቄውን ከወላጆች ፊርማ ጋር በየዓመቱ እናቀርባለን፣ እስኪሠራም ድረስ በመግቢያና በመውጫ ሰዓት መምህራን በተራ እየወጣን በሩ ላይ እንቆማለን።