ቀይ ቀለም

ዛሬ ሳሎናችንን ቀለም የቀባልንን ልጅ «ቀሪውን ነገ እሰጥሃለሁ» ብዬ ሸኘሁት። ጥፍሩ ላይ ያለው ቀለም ገና አልደረቀም ነበር።

ማታ ኤርምያስ 22ን ገለጥኩ። ንጉሥ ኢዮአቄም ሰው በነፃ እያሠራ ቤት ይገነባል። ሰፋፊ መስኮት፣ የዝግባ ጣውላ፣ ቀይ ቀለም። ቀለም! ክው አልኩ። ነቢዩ አባቱን ኢዮስያስን ያነሳበታል፤ እሱም በልቷል ጠጥቷል፣ ግን ለድሃ ፈርዷል።

ምዕራፍ 23 ላይ ደግሞ ተስፋው አለ፦ ከዳዊት ዘር ጻድቅ ቁጥቋጥ ይነሳል፣ ስሙም «እግዚአብሔር ጽድቃችን»። የሚገርመው፣ የይሁዳ የመጨረሻው ንጉሥ የሴዴቅያስ ስም ትርጉምም «ጽድቄ እግዚአብሔር ነው» ነው። ምስኪን፣ ስሙን ብቻ ይዞ ቀረ።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ለልጁ ብሩን በቴሌብር ላክሁለት። ደንግጦ ደወለ። «ምነው፣ በሰላም ነው?»