ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተመዘገበው ፈረቃ

ደሴ፣ ኅዳር

ዛሬ ጠዋት የጦሳ ተራራ ጉም ገና አልተገለጠም ነበር። ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ስደርስ ተማሪዎች ጋቢና ነጠላቸውን ተከናንበው ቆመዋል። በ2 ሰዓት መከፈት የነበረበት በር እስከ 3 ሰዓት ተዘግቶ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በዚያ ብርድ አንድ ሰዓት ያቆምኳቸው እኔ ነኝ።

ከማስታወቂያ ሰሌዳው የፈረቃ ወረቀት ወደ ጎግል ካላንደር የተሻገርነው ባለፈው ወር ነው። ወረቀቱ ሁለት ሰዎች ቀን በተቀያየሩ ቁጥር ይሰረዛል፣ ይደለዛል፤ በመጨረሻ ተረኛውን የሚያውቀው የሰረዘው ሰው ብቻ ይሆናል። አሁን ሁላችንም በስልካችን እናያለን። ለሁሉም የማረም ፈቃድ መስጠት አስፈርቶኝ ነበር። ሰጠሁ።

የዛሬውን ፈረቃ ስመዘግብ ግን በእኛ አቆጣጠር አስቤ «2:00» ብዬ ጻፍኩ። ለካላንደሩ ይህ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ማስታወሻው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ተረኛዋን ከእንቅልፏ ቀሰቀሳት፤ ጠዋት ዝም አለ፤ እርሷም ተራው የሌላ ሰው መሰላት። እየሮጠች መጥታ እኔን ታጽናናኛለች፦ «አብሽሩ ጋሼ፣ ይኸው ተከፈተ።» ከእንግዲህ ሰዓቱን 8:00 ብዬ እሞላለሁ፤ ርእሱ ላይ ደግሞ «ጠዋት 2 ሰዓት፣ የውሰት ክፍል» ብዬ በእኛው እጽፋለሁ።

ከሰዓት በኋላ በዓላቱን ሳስተካክል ቆየሁ። መስቀልን በየዓመቱ ሴፕቴምበር 27 ይደገም ብሎ መተው አይቻልም፤ በ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን ስድስት ቀናት ስለነበሯት የ2016 መስከረም 17 የዋለው ሴፕቴምበር 28 ነው። ዒድ በጨረቃ ስለሚወሰን ሁለት ቀን ያዝኩለት። ዓርብ ከ5 ሰዓት ተኩል በኋላ ሙስሊም ባልደረቦቻችን ለጁምዓ ሲሄዱ የንባብ አዳራሹን የምንጠብቅ ክርስቲያኖቹን አስገባሁ። ይህን ለዓመታት በቃል ስንነጋገርበት ኖረናል፤ ተጽፎ ሳየው ደስ አለኝ።

ከዚያ ወደ ገና ዋዜማ ሄድኩ። ለታኅሣሥ 28 የማታ ፈረቃ ማንን ልለምን እያልኩ ስከፍተው ተይዟል። በመዝገብ ክፍሉ የሚሠራው ሙስሊም ወንድማችን ከስሙ ሥር ጽፏል፦ «ጋሼ፣ እኔ አለሁ። እርስዎ በጊዜ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሂዱ።»