የሚቀበረው መድኃኒትና የሚወጣበት ቀን

ባለፈው ወር አንዲት እናት ከሩቅ ቀበሌ ተነሥታ እኔ ወደምሠራበት ጤና ጣቢያ መጣች። በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ የያዘችውን የቀጠሮ ካርድ ፈትታ ስትሰጠኝ፣ ካርዱ ላይ የተጻፈው፣ በክንዷ የተቀበረው የወሊድ መከላከያ የሚወጣበት ቀን ካለፈ አንድ ዓመት ከአራት ወር እንደሆነው አየሁ። «ሲስተር፣ ሲያስገቡልኝ እዚያው ሰፈሬ ጤና ኬላ ነው፤ ለማስወጣት ግን ጤና ጣቢያ ሂጂ ተባልኩ። መንገዱ ደግሞ እንደምታይው ነው» አለችኝ። ግራ ክንዷን አዘርግቼ የላይኛውን ክንድ ውስጠኛ ገጽ በጣቴ ስዳስስ፣ ከቆዳዋ ሥር የክብሪት እንጨት የምታህል ዘንግ ወዲያው ተሰማችኝ። ከዓመታት በፊት የተሰጠን መድኃኒት በጣት መዳሰስ መቻል እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

ኢምፕላኖን የምንላት ይህች ዘንግ 4 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት አላት፤ በውስጧም 68 ሚሊ ግራም ኤቶኖጄስትሬል የተባለ ሆርሞን ከፕላስቲክ ጋር ተዋሕዶ ይገኛል። ባትሪ የላትም፣ የሚገፋ ፓምፕ የላትም፣ የሚከፈትና የሚዘጋ ነገርም የላትም። ሥራዋን ለእናቶች ሳስረዳ እንስራን እጠቅሳለሁ፤ ውኃ የሞላ አዲስ እንስራ ሳይሰበርና ሳይቀደድ በገላው እያላበ ውኃውን በጥቂት በጥቂቱ እንደሚያወጣ፣ ሆርሞኑም ዘንጓን የሸፈነውን ስስ ፕላስቲክ እያለፈ ወደ ደም ይገባል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚወጣው በቀን ከ60 እስከ 70 ማይክሮ ግራም ገደማ ሲሆን፣ በአንደኛው ዓመት መጨረሻ ከ35 እስከ 45፣ በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ደግሞ ከ25 እስከ 30 ይደርሳል። ይህ መጠን ከዐይን የሚሰወር ይመስላል፤ ነገር ግን እንቁላል እንዳይለቀቅ ለማድረግና የማኅፀን በርን ፈሳሽ ለማወፈር ይበቃል።

ቁጥሮቹን አንድ ቀን በወረቀት ደምሬ ነበር። ካርዱ ላይ የሚጻፉላት ሦስት ዓመታት ሲጠናቀቁ ከሆርሞኑ ሲሶ ያህሉ ገና ከዘንጓ ውስጥ ነው፤ የማስወጫው ቀን ሲደርስ ባዶዋን አትገኝም ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያካሄደው ጥናትም መድኃኒቷ ከሦስተኛው ዓመት በኋላ እስከ አምስተኛው ድረስ እርግዝናን መከላከል እንደምትችል አሳይቷል። ቀኗ ያለፈባትን ይህችን እናት ሳልቆጣት የተቀበልኳት አንድም በዚህ ምክንያት ነው፤ ካርዱ ላይ ያለው ቀን ይከበር የሚለው አቋሜ ግን እንደተጠበቀ ነው።

መድኃኒትን ከቆዳ ሥር ቀብሮ በጥቂት በጥቂቱ የመስጠት ሐሳብ የመነጨው ከወሊድ መከላከያ አልነበረም። ጁዳ ፎክማን የተባለው አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም በባሕር ኃይል አገልግሎት ላይ ሳለ ቀለሞች በሲሊኮን ጎማ ውስጥ አልፈው እንደሚወጡ ተመለከተ፤ እሱና ዴቪድ ሎንግ ይህንኑ መንገድ ለመድኃኒት መጠቀም እንደሚቻል እ.ኤ.አ. በ1964 ጻፉ። ከዚያ በኋላ ፖፑሌሽን ካውንስል የተባለው የምርምር ድርጅት ባልደረባ ሼልደን ሲጋልና ቺሊያዊው ሆራሲዮ ክሮክሳቶ ሐሳቡን ለሆርሞን አዋሉት፤ ውጤቱም ስድስት የሲሊኮን ቱቦዎች የነበሩት ኖርፕላንት ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈቀደውም በፊንላንድ ነበር። ስድስቱን ቱቦዎች አንድ በአንድ ፈልጎ ማውጣት ለባለሙያም ለታካሚም ፈተና እንደነበር መገመት አያዳግትም። ዛሬ «የአምስት ዓመቱ» የምንለው ጃዴል ሁለት ዘንጎች ብቻ ያሉት ሲሆን እያንዳንዳቸው 75 ሚሊ ግራም ሌቮኖርጄስትሬል የተባለ ሆርሞን ይይዛሉ።

በአገራችን መድኃኒቱ ከከተማ ወጥቶ ገጠር የደረሰው እ.ኤ.አ. በ2009 የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ኢምፕላኖንን እንዲያስገቡ መሠልጠን በጀመሩ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ በዓለም አቀፍ ስምምነት የጃዴል ዋጋ ለድሃ አገሮች ከ18 ዶላር ወደ 8.50 ዶላር ወረደ። በዚህ ሥራ እኮራለሁ። ቅሬታዬ ግን አንድ ነው፤ ማስገባቱ ወደ ሴቲቱ ደጅ ሲሄድ ማውጣቱ ጤና ጣቢያ ቀረ። እኔ በተሳተፍኩባቸው ስብሰባዎች «ስንት አስገባችሁ?» ተብለን ስንጠየቅ ኖረናል፤ «ስንቷ ልታስወጣ መጥታ ተመለሰች?» ብሎ የጠየቀን ሰው ግን አላስታውስም።

ማውጣቱ ከማስገባቱ የከበደ ሙያ ነው። ሲገባ በማደንዘዣ ደንዝዞ በመርፌ መሰል ማስገቢያ የሚከናወን የአፍታ ሥራ ነው፤ ሲወጣ ግን ዘንጓ ሰውነት በሚሠራው ቀጭን ሽፋን ተከባ ስለምትገኝ፣ አንዱን ጫፏን በጣት ተጭኖ ሌላው ጫፍ ወደ ቆዳው እንዲነሣ ማድረግ፣ 2 ሚሊ ሜትር ያህል መቅደድ፣ ሽፋኑን ቀስ ብሎ መግለጥ፣ ከዚያም ፎርሴፕስ በተባለ ትንሽ መቆንጠጫ መያዝ ይጠይቃል። ያልተዳሰሰ ዘንግ ፍለጋ ሥጋ አይቀደድም። ይህን ሕግ ዘንድሮ በአንዲት ወጣት ላይ ተፈትኜበታለሁ፤ ሌላ ቦታ ያስገባላት ባለሙያ አጥልቆት ኖሮ ክንዷን ብዳስስ ብዳስስ ምንም አላገኘሁም። «ወደ ልቤ ሄዶ ይሆን?» ብላ አለቀሰች። ዘንጓ በደም ሥር ገብታ እስከ ሳንባ የደረሰችባቸው አጋጣሚዎች በሕክምና መዛግብት ስላሉ «ፈጽሞ አይሆንም» ብዬ አልዋሸኋትም፤ እጅግ ጥቂት መሆናቸውን ግን ነገርኳት። የቀድሞው ኢምፕላኖን በራጅ አይታይም፤ አዲሱ ግን ባሪየም ሰልፌት ስለተጨመረበት ይታያል። የእሷ የቀድሞው ስለነበር ወደ ሆስፒታል ሪፈር ጻፍኩላት፤ በአልትራሳውንድ ጡንቻዋ አጠገብ ተገኝቶ ወጣላት።

ሴቶቻችን ቀኑ ሳይደርስ እንዲወጣላቸው ከሚጠይቁባቸው ምክንያቶች ዋነኛው የወር አበባ መዛባት ነው። በሽታ አይደለም ብሎ ማለፍ ለእኛ ቀላል ነው፤ ጠብ እያለባት ወሩን ሙሉ ጾምና ቅዳሴ ላይ የምትቸገር ሴት ግን «ታገሺ» ከመባል ይልቅ አማራጭ መስማት ይገባታል። የሚጥል በሽታ ወይም የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የምትወስድ ሴትም አስቀድማ ልትናገር ይገባል፤ ካርባማዜፒንና ሪፋምፒሲን፣ እንዲሁም ከኤች አይ ቪ መድኃኒቶች ኤፋቪሬንዝ፣ ጉበት ሆርሞኑን ቶሎ እንዲያፈርሰው ያደርጋሉ።

ወደ መጀመሪያዋ እናት ልመለስ። ዘንጓ ያለ ችግር ወጣች። ልየው ብላ ጠይቃኝ በጎዝ ላይ አስቀምጬ ሰጠኋት፤ በሁለት ጣቷ ይዛ እያጎበጠች «ይህችን ነው እንዲህ ስፈራት የኖርኩት?» ብላ ሣቀች። ልጅ ከፈለገች ሆርሞኑ በሳምንት ውስጥ ከደሟ እንደሚጠፋ ነገርኳት፤ እሷ ግን ስለ ልጅ ሳይሆን ስለ መንገዱ ነበር የምታስበው። «የአምስት ዓመቱን አድርጊልኝ፤ ይህን ዳገት በየሦስት ዓመቱ አልመላለስበትም» አለች። ሁለቱን የጃዴል ዘንጎች አስገብቼ አዲሱን ቀን ካርዷ ላይ ጻፍኩ፤ ማንበብ ስለማትችል ሁለት ጊዜ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። በልጄ ዕድሜ እቆጥረዋለሁ አለችና ካርዱን መልሳ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።