ብሮውዘሬ ራሙን ሲጨርስብኝ ያደረግኩት

የምተዳደረው በትርጉም ሥራ ነው። ላፕቶፔ ያገለገለ ነው። ራሙ፣ ማለትም የተከፈተውን ሁሉ ለጊዜው የሚይዘው ቦታ፣ 4 ጊጋባይት ነው። ዲስኩም ፈጣኑ ኤስኤስዲ ሳይሆን የድሮው የሚሽከረከረው ነው። ባለፈው ክረምት አንድ የጤና መመሪያ ይዤ ሳለ ማሽኑ እምቢ አለኝ። ፊደል እጫናለሁ፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ከሦስት አራት ሰከንድ በኋላ ነው። «የደም ግፊት» ብዬ ጽፌ «የደ» ብቻ ይታየኛል። ቀሪው እስኪመጣ እጄን አንሥቼ እጠብቃለሁ። የዲስኩ መብራት አያርፍም፣ ከውስጥም የሚፍቅ ድምፅ ይሰማል። አንድ ማታ ጭራሽ ስታክ አደረገ። ግማሽ ሰዓት ጠብቄ ማጥፊያውን ተጭኜ አጠፋሁት። ሴቭ ያላደረግኩት ሁለት ገጽ ተኩል አብሮ ሄደ።

ሁለት ገጽ ተኩል ለሌላ ሰው ትንሽ ሊመስል ይችላል። ለአንድ በሽታ ስም ገበሬውም ነርሷም የሚረዱትን አማርኛ ለማግኘት ግማሽ ቀን የፈጀ ሰው ግን ያውቀዋል። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

መጀመሪያ የሞከርኳቸው ሁለት ነገሮች አባባሱት። አንደኛው «ራም ያጸዳል» የተባለ ነፃ ፕሮግራም ነው። ቁልፉን ስጫን 94 በመቶ የነበረው የራም አጠቃቀም ወደ 60 ይወርዳል። ልብ ያሳርፋል። ነገር ግን ፕሮግራሙ ራሙ ላይ ያለውን ወደ ዲስክ ነው የሚገፋው። ወደ ሥራዬ ስመለስ ያ ሁሉ ከዚያ ቀርፋፋ ዲስክ እየተለቀመ መመለስ አለበት። ስለዚህ ባጸዳሁ ቁጥር ይብስበታል። ሁለተኛው ካሽ፣ ማለትም ብሮውዘሩ ከገጾች አውርዶ ያስቀመጠውን፣ ማጥፋት ነበር። ካሽ ግን በዋናነት የሚቀመጠው ዲስክ ላይ ነው፤ የራሙ ቁጥር ንቅንቅ አላለም። ይልቁንም በየቀኑ የምገባባቸው ገጾች ፎቷቸውን ሁሉ እንደ አዲስ አወረዱ። የቀኑ ፓኬጄ ከምሳ በፊት አለቀ።

ከዚህ በኋላ ነው ከመነካካቴ በፊት ልይ ያልኩት። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ስጫን የሚሠሩትን ፕሮግራሞችና የያዙትን ራም የሚያሳየው የዊንዶውስ ታስክ ማኔጀር ተከፈተ። ብሮውዘሩ አንድ ሳይሆን 31 ሆኖ ተሰልፏል፤ ሲደመር 2.3 ጊጋባይት። ቫይረስ መሰለኝ። አይደለም፣ አሠራሩ ነው። ክሮም በ2008 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ጀምሮ ታቦችን በተለያዩ ፕሮሰሶች፣ ማለትም ለየብቻቸው በሚሠሩ ክፍሎች፣ ከፋፍሎ ነው የሚያስኬደው። አንዱ ታብ ሲበላሽ ሌላውን ይዞ እንዳይወድቅ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ ስፔክተር የተባለው የፕሮሰሰር ክፍተት ይፋ ሆነ። ያኔ አንዱ ድረ ገጽ የሌላውን መረጃ እንዳይሰርቅ እያንዳንዱን ሳይት ለብቻው ማጠር በስፋት ተጀመረ። ጉግል ራሱ ይህ አጥር ከ10 እስከ 13 በመቶ ተጨማሪ ራም እንደሚወስድ ገልጾ ነበር። አንድ ወዳጄ «አጥፊውና ይቀልሻል» ብሎ መከረኝ። አልተቀበልኩትም። የባንክ ሒሳቤን የማየው በዚሁ ብሮውዘር ነው። እናንተም እንዳትነኩት እለምናችኋለሁ።

ዋናውን ነገር ያሳየኝ ግን ብሮውዘሩ ራሱ ያለው ታስክ ማኔጀር ነው። ክሮም ላይ ሺፍትና ኢስኬፕ ስትጫኑ ይመጣል። ፋየርፎክስ ላይ ሜኑው ውስጥ «ሞር ቱልስ» ሥር ታገኙታላችሁ። እያንዳንዱ ታብና ኤክስቴንሽን (ብሮውዘሩ ላይ የሚጫን ተጨማሪ መሣሪያ) በየስሙ ተዘርዝሯል፤ አጠገቡ የያዘው ራም ተጽፏል። የራሙን ርዕስ ስትነኩት በመጠን ይደረደራል። ከላይ የተቀመጠው ሦስት ቀን ሳልዘጋው የቆየ የዜና ገጽ ነበር፤ 610 ሜጋባይት። ማስታወቂያው እየተለዋወጠ፣ ቪዲዮው በራሱ እየተነሣ ገጹ ሲያብጥ ከርሟል። ሪፍሬሽ ሳደርገው ወደ 190 ወረደ። አምስተኛው ላይ ዋጋ የሚያነጻጽር ኤክስቴንሽን ተቀምጧል፤ 140 ሜጋባይት። መቼ እንደጫንኩት አላስታውስም፣ አንድ ቀንም አልተጠቀምኩበትም። እዚያው አጠፋሁት።

ከነዚህ በታች ሃያ ስድስት ታቦች ተደርድረዋል። እነሱ ላይ ብዙ ቆየሁ።

ለምን እንደከፈትኳቸው አውቃለሁ። የሌሊት ፓኬጅ ይረክሳል። ስለዚህ ሌሊት ተነሥቼ ለሳምንቱ የሚያስፈልገኝን ገጽ ሁሉ እከፍታለሁ። ቀን ላይ ዳታ ሳይቆጥርብኝ አነባቸዋለሁ ብዬ ሳልዘጋ እተዋቸዋለሁ። ኔትወርክ ቢጠፋ እንኳ የተከፈተ ታብ ይነበባል። ብዙዎቻችን እንዲህ የምናደርግ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም በቂ ነው። ብቻ ቦታው ልክ አልነበረም። ራም ምጣድ ነው። የበሰለው እንጀራ ወጥቶ መሶብ ካልገባ፣ ቀጣዩ ሊጥ የሚዞርበት ቦታ የለም። እኔ የሳምንቱን እንጀራ ምጣዱ ላይ ነበር የማከማቸው።

ክሮም ከ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ሜሞሪ ሴቨር የሚባል ነገር አለው። ሴቲንግ ውስጥ «ፐርፎርማንስ» የሚለው ጋ ነው። ሳይነካ የቆየን ታብ ከራም ያወጣዋል። የታቡ ስም ከላይ ይቀራል፤ ስትመለሱበት ገጹ እንደገና ይወርዳል። አበራሁት። ላፕቶፑ ወዲያው እፎይ አለ። በማግስቱ ከሰዓት ኔትወርክ ጠፋ። ስለ ወባ መድኃኒት አወሳሰድ የከፈትኩትን ገጽ ነካሁት። ግራጫ ስክሪን፣ ላዩ ላይ ያቺ ትንሽ ዳይኖሰር። ገጹ ከራም ወጥቷል፣ መልሶ የሚያመጣው ኢንተርኔት ደግሞ የለም። ያን ቀን የማስረክበው ምዕራፍ ነበረኝ።

መስመር የማይቋረጥበት ቤት ውስጥ ይህ ችግር አይደለም። እኛ ጋ ነው። ስለዚህ ሜሞሪ ሴቨርን ከማብራታችሁ በፊት የምታነቡትን ከታብ አውጡት። እኔ ኮንትሮልና ፒ ተጭኜ «ሴቭ አስ ፒዲኤፍ» እለዋለሁ። ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ፎልደር አለኝ። የፋይሉን ስም በአማርኛ እጽፋለሁ፤ ገጹ የሰጠውን ረጅም ስም ብተወው ከሳምንት በኋላ አላገኘውም። ኮንትሮልና ኤስም ገጹን ያስቀምጣል፣ ግን ብዙ ትናንሽ ፋይሎች የታጨቁበት ፎልደር ያስከትላል። ፒዲኤፉ ንጹሕ ነው፤ ስልኬ ላይም ይከፈታል። ኢሜይሌና የመዝገበ ቃላት ገጼ ከራም እንዳይወጡ ደግሞ እዚያው ፐርፎርማንስ ውስጥ አድራሻቸውን አስመዝግቤያለሁ።

ሰባት ታብ ብቻ ሲቀር ብሮውዘሩ ከ900 ሜጋባይት በታች ወረደ። ፊደሉም ከጣቴ ጋር እኩል መውጣት ጀመረ።

ራም የገዛሁት ከዚህ በኋላ ነው፣ በዚያ ቅደም ተከተል መሆኑም ጠቅሞኛል። መጀመሪያ ገዝቼ ቢሆን በላዩ ሌላ ሃያ ስድስት ታብ ነበር የምከፍተው። ልትገዙ ስትሄዱ አሮጌውን ፈትታችሁ ያዙ። መገናኛ አንድ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ «እህቴ፣ ይሄ ይገባል» ብሎ ያቀበለኝ ዲዲአር4 የሚባለው የራም ዓይነት ነበር። የኔ ዲዲአር3ኤል ነው፤ ላዩ ላይ ፒሲ3ኤል ይላል። «ወንድሜ፣ እስቲ ከዚህ ጋር አስተያየው» ብዬ የያዝኩትን ሰጠሁት። ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያደርጋቸው ከሥር ያለው ጭረት ቦታው ለየቅል ነው። በግድ ቢጫን ማስገቢያው ይሰበር ነበር። ከመሳቢያ ትክክለኛውን አወጣልኝ። አሁን 8 ጊጋባይት ሆኗል።

ትናንት ጠዋት መብራት ጠፋ፤ ዋይፋዩም አብሮ ሄደ። አሁን የያዝኩት ስለ እናቶች ጤና ነው። ፎልደሩን ከፈትኩ፣ የሌሊቶቹ ዘጠኝ ፒዲኤፎች በየስማቸው አሉ። ባትሪው እስኪያልቅ ሁለት ገጽ ተኩል ተረጎምኩ፣ በየአንቀጹ ሴቭ እያደረግኩ።