ውኃ የሚተኛበት ሜዳ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ሐሙሲትን አልፎ የጉማራን ወንዝ ሲሻገር መሬቱ ዝርግ ይሆናል። በስተግራ እስከ ጣና ዳርቻ ድረስ ይህ ነው የሚባል ጉብታ የለም። ፎገራ ነው፣ የእናቴ አገር። ሰሞኑን ለሩዝ አጨዳው ደርሼ አክስቴ ቤት ሰንብቼ ነበር። ያየሁትና የሰማሁት ከልቤ ሳይወጣ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

ሜዳው ክረምት በገባ ቁጥር ውኃ ይተኛበታል። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ በኩል ደለል ተሸክመው ይወርዳሉ። ታች ሲደርሱ መሬቱ ስለሚለጥጥባቸው ጉልበታቸው ይደክማል። ጣናም በዚያው ወራት ሞልቶ ስለሚጠብቃቸው መግቢያ ያጣሉና ከአልጋቸው ወጥተው ሜዳው ላይ ይንጣለላሉ። አፈሩ ጥቁር መረሬ ነው፣ የያዘውን ውኃ ቶሎ አይለቅም። በአያቶቼ ዘመን ይህ መሬት በክረምት ለእህል አይታሰብም ነበር። ከብት ይሰማራበታል፣ ውኃው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል፣ ጤፉ የሚዘራው ከፍ ያለው ቦታ ላይ ነው። ክፉ ዓመት ሲመጣ ሌላው እህል ሁሉ ጠፍቶ ጓያው ብቻ ይተርፋል። ያንን አዘውትሮ የበላ ሰው ደግሞ እግሩን ይሰበራል። ጉልበታቸው ታስሮ በምርኩዝ የሚሄዱ ሽማግሎችን በልጅነቴ በእናቴ ቀዬ አይቻለሁ። ምን ሆነው ነው ብዬ ስጠይቅ «ጓያ ነው» ይሉኛል፣ ከዚያ በላይ አይናገሩም።

ጎርፉ ዛሬም አለ። በ1998 ዓ.ም ነሐሴ ላይ ፎገራና ሊቦ ከምከም ውስጥ ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ ወጥቷል። ሰው ጎተራውንና ጥጃውን ትቶ ከፍ ወዳለ ቦታ ሲሸሽ የነበረውን ጭንቀት አክስቴ እስካሁን ስታወራው ድምፅዋ ይለወጣል። ስለ ሩዙ ደስ እያለኝ ስጽፍ ይህን ውኃ ቸር ብቻ አድርጌ እንዳላቀርበው ብዬ ነው ያስቀደምኩት።

ሩዝ የመጣው በደርግ ጊዜ፣ በ1970ዎቹ ነው። ሜዳው ላይ የዱር ሩዝ በራሱ በቅሎ ይታይ ነበር። እዚያ የሚበቅል ከሆነ የሚበላውም ይሆናል ተብሎ የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች በሻጋና በጅግና የአምራች ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት መሬት ላይ ሞከሩት። ከዚያ መንግሥት ተለወጠ፣ ማኅበራቱ ፈረሱ፣ ባለሙያዎቹም ወደ አገራቸው ሄደው ነበር። በዚያ ዘመን እንዲህ ሆኖ የመጣ ብዙ ነገር ከማኅበሩ ጋር አብሮ ቀርቷል። ሩዙ ግን አልቀረም። ገበሬው ዘሩን ከጎረቤቱ እየተበደረ፣ ከዓመት ዓመት እያሻገረ አቆየው። ብዙ ዘመን በሜዳው ላይ የነገሠው ዝርያ እስካሁን ኤክስ ጅግና ይባላል፣ የዚያችን ቀበሌ ስም ይዞ ቀርቷል።

ለምን እንደቆየ ለአክስቴ ጠየቅኳት። ቡና እያፈላች ነበር።

«መጀመሪያ የመጣ ጊዜማ ምን እንደምናደርገው የት አውቀን፣ ልጄ! ቀቅለን በላነው። ሆድ አይሞላ፤ ማታ የበላ ሌሊት ይርበዋል። ወንዶቹም ‘ይሄ የወፍ ጥሬ ነው’ አሉን። እንጀራ ብናደርገው ደግሞ ምጣዱ ላይ ያምርና ሲያድር ይፈረፈራል። አይጠቀለል።»

«ታዲያ እንዴት አደረጋችሁት?»

«ከጤፍ ደባለቅነዋ። አንዷ ግማሽ በግማሽ አደረገች፣ ሌላዋ ጤፉን አበዛች። የተሳካላት ለጎረቤቷ ትነግራለች። ኋላማ ነጩ እንጀራ ለድግስ የሚፈለግ ሆነ።»

ጠላውንም እንደዚያው ሞክረው አገኙት፣ አረቄውንም። ዛሬ በፎገራ ሩዝ በወጥ የሚበላ ምግብ ብቻ አይደለም። እንጀራው ውስጥ አለ፣ ጠላው ውስጥ አለ፣ ገለባው ለከብት ይሰጣል፣ የቤት ጭቃ ሲቦካም ይገባል። ስለ ፎገራ ሩዝ የተጻፈው ነገር አብዛኛው በሄክታር ይህን ያህል ኩንታል የሚል ነው። ስለ ምርቱ የሚባለው እውነት ነው፤ ጤፍ በማይችለው ውኃ ውስጥ ቆሞ ከጤፍ አብልጦ ይሰጣል። ነገር ግን አንድ እህል ጎተራ ስለሞላ ብቻ አገር ውስጥ አይሰነብትም፤ ምጣድ ላይ መውጣት አለበት። ያንን ያደረጉት ሴቶች ናቸው፤ ማንም ስማቸውን አልጻፈም። ይህ ነገር ያንገበግበኛል።

መንግሥት በኋላ ለሩዝ «የሚሊኒየም ሰብል» የሚል ስም አወጣለት። ወረታም ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ተቋቁሞላታል፣ የጃፓን ባለሙያዎችም አግዘዋል። አዳዲስ ዝርያዎች ወጥተዋል፣ በመስመር መዝራትና ችግኝ አፍልቶ መትከልም እየተለመደ ነው። አብዛኛው ገበሬ ግን አሁንም በእጁ እየበተነ ነው የሚዘራው።

የሩዝ ከባድ ሥራው አረሙ ነው። ሰኔ ላይ የተዘራው ማሳ ውስጥ ሰው እስከ ቁርጭምጭሚቱ፣ አንዳንዴም እስከ ባቱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ፣ ጎንበስ ብሎ በእጁ ያርማል። አንድ ጊዜ አርሞ መተው የለም፤ ይመለሱበታል። ወንፈሉና ደቦው አልበቃ ብሎ ከደጋው ወረዳዎች የቀን ሠራተኛ ይመጣል። ጠዋት ጠዋት ወረታ ዳር ቆመው የሚጠብቁት ጎረምሶች ከደብረ ታቦርና ከእስቴ በኩል የወረዱ ናቸው። እዚህ የሚሠሩበት ገንዘብ እዚያ ላይ የማዳበሪያ ዕዳ ይከፍላል፣ የእኅት ደብተር ይገዛል። አንዱን አነጋገርኩት። እግሩ በውኃው ብዛት ተላልጧል። «ምን ላድርግ፣ እኛ ጋ መሬቱ አልቋል» አለኝ። ፎገራ ለብቻው የሚኖር ሜዳ አይደለም፤ የጉና አፈርም የጉና ልጆችም ወደ እሱ ይወርዳሉ።

ወረታ ከተማን የሠራት ይኸው ሩዝ ነው። የጎንደሩ መንገድና ወደ ደብረ ታቦር አልፎ ወልድያ የሚደርሰው መንገድ የሚገናኙባት መሆኗ ድሮም ረድቷታል። አሁን ግን ከዋናው መንገድ ግራና ቀኝ የሚሰማው የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮ ነው። ገበሬው በጋሪም በአይሱዙም ጭኖ ያመጣል፣ ያስፈለፍላል፣ ብዙ ጊዜም ለዚያው ለባለ ወፍጮው ሸጦ ይመለሳል። እዚህ ላይ ልቤ ይከፋል። ሩዙ አውድማ ላይ በበሬ ተረግጦ፣ አፈርና ጠጠር ተደባልቆበት፣ አንዳንዴ ሲበዛ ደርቆ፣ አንዳንዴ ሳይደርቅ ይመጣል። ወፍጮው ሲፈለፍለው ይሰባበራል። የተሰበረ ሩዝ ዋጋው ዝቅተኛ ነው። አዲስ አበባ ሱቅ መደርደሪያ ላይ የሚታየው ሩዝ ከሕንድና ከፓኪስታን በመርከብ የመጣ ነው። የፎገራውን ግን የከተማ ሰው ሳያውቀው እንጀራ ውስጥ ይበላዋል። የተሻለ የመፈልፈያ ማሽን፣ ንጹሕ የማድረቂያ ሸራ፣ ጥሩ መውቂያ፣ እነዚህ ነገሮች ሩቅ አይደሉም። መንገድ በተዘጋ ሰሞን ደግሞ ሁሉም ነገር እዚያው ቆሞ ይከማቻል፣ ዋጋው ይወርዳል፣ የዓመት ልፋት ዓይን ፊት ይረክሳል።

በሩዙ የጠፋም ነገር አለ። የፎገራ ላም የታወቀች ነበረች፤ ጥቁርና ነጭ ዥጉርጉር፣ ሰውነቷ ሞላ ያለ፣ ወተቷ ብዙ። ግጦሹ ሩዝ ሲሆን ላሟ ቦታ አጣች። አክስቴ ቤት አሁን አንዲት ላም ብቻ አለች፣ እሷም ከሌላ ዝርያ የተደባለቀች ነች። ንጹሑን ዝርያ እንዳይጠፋ የሚያራቡት ባሕር ዳር አጠገብ አንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ውስጥ ነው። ላሟ በተወለደችበት ሜዳ ላይ ለማየት የማይቻልበት ቀን እንዳይመጣ እፈራለሁ።

ወደ ሐይቁ ጠጋ ሲሉ ናበጋ አለ። አለቃ ገብረ ሐና የዚህ አገር ሰው ናቸው፤ ናበጋ ጊዮርጊስ። አገሩ ሁሉ በቀልዳቸው ያውቃቸዋል፣ የእሳቸው ያልሆነው ቀልድ ሁሉ ሳይቀር በእሳቸው ስም ይነገራል። እኔ ግን በሌላ በኩል ቢታወሱልኝ እወዳለሁ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጎንደር ላይ የአቋቋም፣ ማለትም ካህናት በመቋሚያና በሽብሸባ የሚያዜሙበት ሥርዓት፣ ሊቅ ነበሩ። መቋሚያው ወደ ጎን እየተወዛወዘ የሚዜምበትን አዲስ ዝማሜ ያወጡት እሳቸው ናቸው። ከጣና ማዕበልና ከዳርቻው ደንገል መወዛወዝ ወሰዱት ይባላል። ያንን ሜዳና ያንን ሐይቅ በነፋስ ሰዓት ያየ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም። የጎንደር ካህናት አዲሱን ነገር አልተቀበሉትም ይባላል፤ አለቃም ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት። ልጁ ደብረ ታቦር ላይ አስፋፋው፣ ስሙም «ተክሌ» ሆኖ ቀረ። ዛሬ በብዙ አድባራት በጥምቀትና በበዓላት ካህናቱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲያሸበሽቡ የምናየው ይኸው ነው።

ያ ደንገል ያለበት ዳርቻ ዛሬ እንቦጭ ወርሶታል። አረሙ ጣና ላይ ከታየ ከ2004 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ያለው ሕዝብ፣ የናበጋም ሰው፣ ውኃ ውስጥ እየገባ በእጁ ሲነቅል ኖሯል። የሩዝ አረም ነቅሎ የደከመ ወገብ ተመልሶ የሐይቅ አረም ለመንቀል ሲጎነበስ ማየት ያሳዝናል። ያከበርኳቸውም እዚያ ላይ ነው።

ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ጥቂት ሄዶ ወደ ውስጥ ገባ ሲሉ ደግሞ አውራ አምባ አለ፣ እዚያው ፎገራ ወረዳ ውስጥ። ሜዳው እዚህ ያበቃል፤ መሬቱ ዳገትና ጭንጫ ነው። ክቡር ዙምራ ኑሩ ከመሰሎቻቸው ጋር ማኅበረሰቡን የመሠረቱት በ1964 ዓ.ም ነው። የሴትና የወንድ ሥራ ተብሎ የሚለይ ነገር አይኑር፣ ሽማግሌና አሮጊት አይጣል፣ ሌብነትና ውሸት አይኑር አሉ። ያን ጊዜ ይህ እንደ ዕብደት ተቆጠረባቸው። በደርግ ዘመን ከቀያቸው ተሰደው ቦንጋ ድረስ ሄደው ኖረዋል። ሲመለሱ የቀራቸው መሬት ጠባብ ነበር፣ በእርሻ ብቻ መኖር አልተቻለም። ስለዚህ ወደ ሽመና ገቡ።

ሽመና በእኛ አገር የተናቀ ሙያ ነበር። «ቁጢት በጣሽ» የሚባል ስድብ አለ። ሴትም ትፈትላለች እንጂ አትሸምንም። አውራ አምባ ውስጥ ሴቶቹ ሸማ ዕቃው ላይ ተቀምጠው ጋቢና ብርድ ልብስ ሲሠሩ፣ ወንድ እንጀራ ሲጋግር አይቻለሁ። ወፍጮም ሱቅም አላቸው። ሥራ የማይችሉ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤትም አለ። በሃይማኖት ነገር ከጎረቤቶቻቸው ጋር አይስማሙም፤ እኔም በሁሉም ነገር እስማማለሁ አልልም። ግን አንዲት እናት እርጅናዋ ለማንም ሸክም ሳይሆን፣ ታጥባና ለብሳ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ስታይ ብዙ ክርክር አፍህ ውስጥ ይቀራል።

አውራ አምባን አይቼ ወደ ሜዳው ስመለስ ሦስቱን ነገሮች አንድ ላይ ሳስብ ዋልኩ። ማንም የማይፈልገው ውኃ፣ ጎንደር ያልተቀበለው ዝማሜ፣ ሰው የናቀው ሸማ። የፎገራ ሰው እንጀራውም ስሙም የተገኘው ከእነዚህ ነው። የሁለቱን ባለቤቶች ስም እናውቃለን። የመጀመሪያው ግን ባለቤቶቹ ብዙ ናቸው፣ አሁንም እዚያው ጭስ ቤት ውስጥ አሉ።

ይህንን ለአክስቴ ነግሬያት «ማን የትኛውን ድብልቅ እንዳገኘ ታስታውሻለሽ?» አልኳት። የአንዷን ጎረቤቷን ስም ጠራች፣ የሞተችውን የሌላዋንም ጠራች፤ ጠላውን መጀመሪያ የጠመቀችው ወንዝ ማዶ ያሉ አንዲት እናት ናቸው አለችኝ፣ በሕይወት አሉ። ለፋሲካ ስመለስ አብራኝ ልትሄድ ተስማምተናል። ደብተርና መቅጃ ስልክ ይዤ እሄዳለሁ። እርሾው ስንት ቀን እንደሚያድር፣ ጌሾው ምን ያህል እንደሚሆን፣ መጀመሪያ ሲበላሽባቸው ምን እንዳሉ፣ ባሎቻቸው ምን እንዳሉ፣ ሁሉንም በራሳቸው አፍ አስነግሬ እጽፈዋለሁ። ስማቸውንም፣ ፈቃዳቸው ከሆነ፣ ከነአባታቸው።