መጠባበቂያ ቅጂ የሚቀመጠው በስም ነው

እዚህ ሀዋሳ ለአንድ መሥሪያ ቤት ባክአፕ (የፋይሎች መጠባበቂያ ቅጂ) ሊደራጅ ሲታሰብ ውይይቱ ሁሉ በሃርድ ዲስኩ መጠንና በሰርቨሩ አቅም ላይ ያተኩራል፤ የኮምፒዩተሮቹ ስም ግን ዊንዶውስ ሲጫን በራሱ እንዳወጣው፣ «ዴስክቶፕ» ብሎ የሚጀምር የፊደልና የቁጥር ድብልቅ ሆኖ ይቀራል። እኔ የባክአፕ ሥራ መጀመር ያለበት ከስሙ ነው ብዬ አምናለሁ። ባክአፕፒሲም ሆነ ዩርባክአፕ የተባሉት የባክአፕ ፕሮግራሞች የእያንዳንዱን ኮምፒዩተር ቅጂ የሚያስቀምጡት በስሙ ሥር በመሆኑ፣ ስሙ የተለወጠ ማሽን ለእነርሱ ከዚህ በፊት ታይቶ የማይታወቅ እንግዳ ነው፤ የቀድሞው ቅጂ በአሮጌው ስም ሥር ይቀራል፣ በአዲሱ ስም ደግሞ ሥራው ከዜሮ ይጀመራል።

በከተማችን ይህ ጉዳይ ከሌላው ቦታ ይበልጥ ያሳስበኛል። ሀዋሳ ለብዙ ዓመታት የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ነበረች። በኅዳር 2012 ሕዝበ ውሳኔ ተካሂዶ በሰኔ 2012 ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል ሆነ፤ በነሐሴ 2015 ደግሞ ከደቡብ ክልል የቀረው ለሁለት ተከፍሎ የደቡብ ኢትዮጵያና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች ተመሠረቱ። ቢሮ ሲከፈል፣ ሲዋሐድ ወይም ስሙን ሲለውጥ በክልሉ ወይም በክፍሉ ስም የተሰየመ ኮምፒዩተር ወይ የማይገኝ ቢሮ ስም ተሸክሞ ይቀራል፣ ወይ ስሙ ተቀይሮ ከቆየው ቅጂው ይለያያል። በሠራተኛ ስም መሰየምም ከዚህ አይሻልም፤ ሠራተኛው ሲዛወር ኮምፒዩተሩ ብዙውን ጊዜ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ለሌላ ሰው ይተላለፋል።

የማይለወጠው ንብረት ክፍል ማሽኑ ላይ የለጠፈው መለያ ቁጥር ነው። ስለዚህ ከተማዋን የሚያመለክቱ ሦስት የላቲን ፊደላት፣ ከዚያ ሰረዝ፣ ቀጥሎም የንብረቱ ቁጥር፣ ለምሳሌ 0147፣ ቢሆን እመርጣለሁ። ማን ይጠቀምበታል፣ የት ክፍል ነው የሚለው በመዝገብ ይጻፍ እንጂ በስሙ ውስጥ አይግባ።

የስሙ ማጠር ለውበት ብቻ አይደለም። ዊንዶውስ እስከ ዛሬ ይዞት የመጣው ኔትባዮስ የተባለው የስም አሠራር ከ15 ፊደል በላይ አይቀበልም፤ ረዘም ያለው ስም መጨረሻው ይቆረጣል። «ሀዋሳ-ፋይናንስ-1» እና «ሀዋሳ-ፋይናንስ-2» የተባሉ ሁለት ኮምፒዩተሮችን እንውሰድ። በእንግሊዝኛ አጻጻፍ የከተማዋ ስም 7 ፊደል፣ ሰረዙ 1፣ ፋይናንስ ደግሞ 7 ነው፤ በድምሩ ልክ 15። የሚቆረጠው እንግዲህ ሁለቱን የሚለየው ቁጥር ነው። ደግሞም የከተማችንን ስም በኤች የሚጀምር ባለሙያ እንዳለ ሁሉ በኤ የሚጀምርም አለ፤ ሰርቨር ይህን ገምቶ አያቃናም። ከላቲን ፊደል፣ ከቁጥርና ከሰረዝ ሌላ ምልክት ባይገባ፣ ስምን ወደ አድራሻ ከሚለውጠው ከዲኤንኤስ ጋርም ጠብ አይፈጠርም።

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሚሆነውን ደግሞ ልብ ብሎ ማየት ይገባል። ብዙዎቹ ርካሽ ራውተሮች ለማን የትኛውን አይፒ አድራሻ (ኮምፒዩተሩ በኔትወርክ ላይ የሚገኝበትን ቁጥር) እንደሰጡ የሚይዙት በጊዜያዊ ማኅደራቸው ነውና፣ እንደገና ሲነሡ የሒሳብ ክፍሉን አድራሻ ለግዥ ክፍሉ ኮምፒዩተር ሊሰጡት ይችላሉ። ባክአፕ የሚደረገው በአድራሻ ብቻ ከሆነ የአንዱ ፋይል በሌላው ስም ሥር ይገባል። ባክአፕፒሲ ቅጂ ከመጀመሩ በፊት ማሽኑን ስሙን ጠይቆ ከመዝገቡ ጋር ማስተያየት ይችላል፤ ነገር ግን ቋሚ አድራሻ አላቸው ተብለው ለተመዘገቡ ኮምፒዩተሮች ይህ ቁጥጥር ተዘግቶ ስለሚመጣ ባለሙያው ራሱ መክፈት አለበት። ራውተሩ ላይ አድራሻውን በማክ ቁጥር፣ ማለትም በኔትወርክ ካርዱ መለያ ቁጥር፣ ማሰርም ጥሩ ነው፤ ላፕቶፕ ከሆነ ግን የገመዱና የዋይፋዩ ማክ ቁጥር የተለያዩ ስለሆኑ ሁለቱም መመዝገብ አለባቸው።

ከአንድ ኢሜጅ (ከተዘጋጀ የሙሉ ዲስክ ቅጂ) ተገልብጠው የተጫኑ ኮምፒዩተሮች ሁሉም አንድ ስም ይዘው ሊነሡ ይችላሉ። ኔትወርክ ላይ ከመሰካታቸው በፊት ስማቸው መለየት አለበት፤ ከተሰኩ በኋላ የማክሰኞው ቅጂ የአንዱ፣ የረቡዑ የሌላው ሊሆን ይችላል፣ ይህም የሚታወቀው ፋይል ጠፍቶ መመለስ ባስፈለገ ዕለት ነው።

ስም መቀየር ግድ ከሆነ በባክአፕፒሲ ሥራው አስቸጋሪ አይደለም። ሰርቪሱ ይቆማል፤ በኮምፒዩተሮቹ ዝርዝር ውስጥ ያለው ስም፣ የማሽኑ የራሱ የማስተካከያ ፋይልና ቅጂው ያለበት ማውጫ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ወደ አዲሱ ስም ይቀየራሉ። ዝርዝሩ ወይም ማውጫው ከተረሳ ቅጂው ዲስኩ ላይ እያለ በባክአፕፒሲ ገጽ ላይ አይታይም።

ኮምፒዩተሩ አርጅቶ ሲወገድ ስሙ ለተተኪው መሰጠት የለበትም፤ ተተኪው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥም፣ ተጠቃሚው ያው ቢሆንም በራሱ የንብረት ቁጥር ይሰየም። የአሮጌው ባክአፕ ብቻ ይዘጋ፤ ኦዲተር የቆየ ሰነድ በጠየቀ ጊዜ የሚፈለገው በአሮጌው ቁጥር ሥር ነውና ቅጂው ግን አይሰረዝ።