የኋላው ዲፈረንሻል ለምን ጋለ?

በመዳፌ አልነካሁትም፤ የእጄን ጀርባ ነው ያስጠጋሁት። ልማዱን የወረስኩት ከአጎቴ ነው። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አጠገብ በነበረው ጋራዣቸው ከጎጃም መንገድ የመጣ የጭነት መኪና ሲገባ፣ አጎቴ ከሹፌሩ ጋር ሰላምታ ሳይጨርሱ መኪናውን ይዞሩትና የእያንዳንዱን ጎማ የፍሬን ታምቡር በእጃቸው ጀርባ ይዳስሱ ነበር። እኔም በሐምሌ ወር አንድ ቅዳሜ ከፍራንክፈርት ወደ ቩርትስቡርግ ስጓዝ፣ ሽፔሳርት ደን ውስጥ ካለው የመኪና ማረፊያ ቆሜ የሞተር ሳይክሌን የኋላ ዲፈረንሻል እንዲሁ ነካሁት። እጄ አንድ ሴኮንድ እንኳ አልቆየም።

ሞተር ሳይክሌ እ.ኤ.አ. በ1979 በርሊን ሽፓንዳው ውስጥ የተሠራ ቢ ኤም ደብሊው አር 80/7 ነው። 797 ሲሲ፣ 50 የፈረስ ጉልበት። ካቴና የለውም። ኃይሉ ከካምቢዮው ተነሥቶ በቀኝ በኩል ባለው ቱቦ ውስጥ በሚዞር፣ ካርዳን በሚባል የብረት ዘንግ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ጎማው ዘንድ ሲደርስ 90 ዲግሪ መታጠፍ አለበት። መታጠፊያው አንዲት ትንሽ ማርሽና አንድ ትልቅ ክብ ማርሽ ናቸው፤ በአንድ የአሉሚኒየም ቤት ውስጥ ተቀምጠው ጥርስ ለጥርስ ይያያዛሉ። በአገራችን መካኒኮች አፍ ይህ ዲፈረንሻል ነው። ሁለት ጎማዎችን የሚያለያይ ነገር በውስጡ ባይኖርም እኔ በዚሁ ስም ነው ያደግሁት፣ በዚሁ እጠራዋለሁ።

ይህ ቤት መሞቁ ተፈጥሮው ነው። ጥርሶቹ ጠመዝማዛ ስለሆኑ እርስ በርስ ሲገፋፉ ትንሽ ይንሸራተታሉ፤ የሚዞሩትን ዘንጎች የሚሸከሙት ኩሽኔታዎች ይፋተጋሉ፤ የዘይት ማገጃው ላስቲክ ዘንጉን ጨብጦ ይይዛል፤ ዘይቱም ራሱ በማርሹ እየተመታ ይሞቃል። በዚህ ሁሉ የሚባክነው ከሚያልፈው ኃይል ከመቶ ሁለት እስከ አራት ቢሆን ነው። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስነዳ ወደ ኋላው ጎማ የሚሄደው ኃይል 12 ኪሎ ዋት ገደማ ነው ብንል፣ ከዚያ ውስጥ 300 ወይም 400 ዋት ያህሉ እዚያች ቤት ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል ማለት ነው። ትንሽ የቡና ምድጃ ሳይጠፋ አብሮኝ ይጓዛል እንደማለት ነው። የሚያቀዘቅዘው ሩብ ሊትር ዘይትና በጎኑ የሚያልፈው ነፋስ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥያቄዬ «ለምን ሞቀ?» ሳይሆን «ከሚገባው በላይ ሞቋል ወይ?» መሆን ነበረበት። እዚያ ማረፊያው ላይ ቆሜ ግን ያሰብኩት ስለተሰበረ ኩሽኔታና ስለተበላ ጥርስ ብቻ ነበር። በዝግታ ወደ ቤት ተመለስኩ።

በማግስቱ የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ገዛሁ። እስከ ፍሪድቤርግ ደርሼ ተመለስኩ፤ ወደ 60 ኪሎ ሜትር። ቆሜ ቴርሞሜትሩን አነጣጠርኩ፤ 39 ዲግሪ አለ። ደስ አለኝ፣ ከዚያ እጄን ሳስጠጋ እንደ ቀድሞው ለበለበኝ። ሰው 60 ዲግሪ የሆነ ብረት ላይ እጁን ለጥቂት ሴኮንዶች ቢያቆይ ይቃጠላል፤ 39 ዲግሪ ግን ከሰውነታችን ሙቀት ብዙም አይበልጥም። ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል፣ እጄ ደግሞ አይደለም።

ነገሩን ለመረዳት አንድ ምሽት ፈጀብኝ። ይህ ዓይነቱ ቴርሞሜትር የሚለካው ከዕቃው የሚወጣውን የማይታይ ጨረር ነው። ርካሾቹ ደግሞ ዕቃው ሁሉ እንደ ቀለም፣ እንደ እንጨት ወይም እንደ ቆዳ ጨረሩን በደንብ የሚያወጣ ነው ብለው ያሰላሉ። ያልተቀባ አሉሚኒየም ግን ጨረር የሚያወጣው በጣም በጥቂቱ ነው፤ ይልቁንም እንደ መስታወት የአካባቢውን ጨረር ይመልሳል። ስለዚህ ቴርሞሜትሬ ያነበበው በአብዛኛው የጋራዡን ግድግዳ ነበር። መፍትሔው ቀላል ሆኖ ተገኘ። ኤሌክትሪሲያኖች የሚጠቀሙበትን ጥቁር ናስትሮ ቆርጬ ለጠፍኩና በሚቀጥለው ቀን ያንኑ መንገድ ነዳሁ። ናስትሮው ላይ 83 ዲግሪ፣ ከናስትሮው ሁለት ጣት ራቅ ብሎ ባለው ባዶ ብረት ላይ ደግሞ 40። የዕለቱ አየር 24 ዲግሪ ነበር። በአሉሚኒየም ላይ የዚህን መሣሪያ ቁጥር አምኖ «ጤነኛ ነው» ብሎ የሚሄድ ሰው እንዳለ ሳስብ እስከ ዛሬ ይከፋኛል።

ከዚያ ቀጥሎ የሠራሁት ጥፋት ነው። ዘይቱ ነው ብዬ ወሰንኩ። አፈሰስኩት፤ ጥቁር ቢሆንም አልተቃጠለም፤ ማግኔት ነክሬ ሳወጣው እንደ ጭቃ የላመ ግራጫ ነገር እንጂ ስንጥር ብረት አልያዘም። ይህ ጥሩ ምልክት ነበር፣ ሰምቼው ቢሆን ኖሮ። አዲስ የጂ ኤል 5 የማርሽ ዘይት፣ 90 ውፍረት ያለውን፣ 250 ሚሊ ሊትር ሞላሁ። በዚያ ላይ ሞተር ሳይክሉን ትንሽ አዘንብዬ ሌላ 50 ሚሊ ሊትር ጨመርኩበት፤ ዘይት ሲበዛ ይቀዘቅዛል ብዬ። ተቃራኒው ሆነ። በዚያው መንገድ፣ በ25 ዲግሪ አየር፣ 89 አነበብኩ። ማርሹ ከሚገባው በላይ ዘይት ውስጥ ሲጠልቅ ዘይቱን እንደ እርጎ ይንጠዋል፤ መናጡም ራሱ ሙቀት ይሆናል። ከዚህ የከፋው ደግሞ፣ በጎማው በኩል ያለው የዘይት ማገጃ ላብ ማለት ጀምሮ ነበር። በዚህ ሞተር ሳይክል ከዚያ ማገጃ ባሻገር ያለው የኋላ ፍሬን ታምቡር ነው። ታምቡሩን ከውስጥ እየገፋ ጎማውን የሚያቆመው የፍሬን ሸራ ዘይት ከነካው ሰው ይገድላል። ያን ዕለት ትርፉን አፍስሼ ልኩን መለስኩና፣ ምንም ነገር ከመፍታቴ በፊት አዲስ አበባ ደወልኩ።

አጎቴ ጋራዡን ከዘጉ ቆይተዋል። ታሪኩን ሁሉ አዳመጡኝ።

«ስንት ቦታ ነካህ?» አሉኝ።

«አንድ ቦታ ነው ጋሼ፤ ቤቱ ላይ።»

«እኔ ከስድስት ጎማ አንዱን ብቻ ነክቼ ስናገር ሰምተኸኝ ታውቃለህ? ሙቀት እንደ ውኃ ነው፤ ካለበት ወደሌለበት ይወርዳል። መጀመሪያ ምንጩ ወዴት እንደሆነ ፈልግ፣ ቁልፍ ከዚያ በኋላ ታነሣለህ።»

አፈርኩ። የእጅ ጀርባውን ልማድ ወርሼ ማወዳደሩን እዚያው ጋራዥ ትቼው ነበር የመጣሁት።

ሦስት ቦታ ናስትሮ ለጠፍኩ፦ ካርዳኑ በሚገባበት የዲፈረንሻሉ አንገት ላይ፣ በቤቱ ሆድ ላይ፣ እና በጎማው መሃል ባለው ታምቡር ላይ። ያንኑ መንገድ ነዳሁ። በመጨረሻው አንድ ኪሎ ሜትር ፍሬን ሳልይዝ በማርሽ ብቻ እያቀዘቀዝኩ ቆምኩ፤ ከቆምኩ ልክ ሁለት ደቂቃ በኋላም ለካሁ። ጊዜውን መጠበቅ ግድ ነው፣ ነፋሱ ሲቆም ሙቀቱ ከውስጥ ወደ ውጭ እየወጣ ቁጥሩ ለጥቂት ደቂቃ መጨመሩን ይቀጥላልና። አየሩ 23 ነበር። አንገቱ 64፣ ሆዱ 82፣ ታምቡሩ 107።

ነገሩ እዚያው አለቀ ማለት ይቻላል። የትንሿ ማርሽ ኩሽኔታ ቢሆን ኖሮ የሚብሰው አንገቱ ነበር። ጥርሶቹ ቢሆኑ ሆዱ። ውኃው ግን የሚወርደው ከታምቡሩ ነበር። በዚህ አሠራር የፍሬኑ ሸራዎች የተሰቀሉት በራሱ በዲፈረንሻሉ ቤት ላይ ስለሆነ፣ ፍሬኑ ሲግል ዲፈረንሻሉ ሳይወድ ይካፈላል። እኔ ስከሰው የነበረው አካል ከጎረቤቱ ሙቀት እየተቀበለ የተቀመጠ ነበር።

በመሃል ማቆሚያው አቁሜ ጎማውን በእጄ ሳዞረው ሽሽ የሚል ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። የፍሬኑን ዘንግ የሚያጠብቀውን ባለ ክንፍ ዳዶ አራት ዙር አላላሁትና ጸጥ ባለ መንገድ፣ በፊተኛው ፍሬን ብቻ እየተጠነቀቅኩ፣ ሄጄ ተመለስኩ። በ24 ዲግሪ አየር አንገቱ 55፣ ሆዱ 58፣ ታምቡሩ 49። ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ፤ አሁን ከሁሉ የሚሞቀው ማርሾቹ ያሉበት ሆድ ነው፤ መሆን ያለበትም እንዲሁ ነው።

ጎማውን ሳወርድ ሁለት ነገር አገኘሁ። ሸራዎቹን የሚከፍተው ካም ላይ የነበረው አሮጌ ግራሶ ደርቆ እንደ ሙጫ ሆኗል፤ ከሥሩም ዝገት አለ። ሞላዎቹ ሸራውን ሙሉ በሙሉ መመለስ አልቻሉም። ሁለተኛው የራሴ ሥራ ነው። በሚያዝያ ፔዳሉ ዝቅ ብሎብኝ ዳዶውን ያጠበቅኩት ሞተር ሳይክሉ ማቆሚያው ላይ ቆሞ፣ የኋላ ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ነበር። ሰውና ሻንጣ ሲጫንበት የሞተር ሳይክሉ ኋላ ይወርዳል፣ የዘንጉ አንግል ይለወጣል፣ የተውኩት ትንሽ ክፍተትም ይጠፋል። አሁን ፔዳሉን የማስተካክለው በሁለት ጎማው ቆሞ፣ ሰው ተቀምጦበት ነው። ጎረቤቴ ይቀመጥልኛል፣ እኔ ተንበርክኬ አላላለሁ።

ስለ ጽዳቱ አንድ ነገር በአጽንዖት ልናገር። የፍሬን አቧራን በአየር አትንፉ። ጀርመን አስቤስቶስን (ብናኙ ሲተነፈስ ሳንባን የሚጎዳ፣ በፍሬን ሸራ ውስጥ ይገባ የነበረ ማዕድን) ሙሉ በሙሉ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው፤ እንደኔ ባለ ዕድሜ ጠገብ ሞተር ሳይክል ላይ ያለው ሸራ ከምን እንደተሠራ በዓይን አይለይም። እኔ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ፣ ጨርቁን በፕላስቲክ አስሬ፣ ሸራዎቹን በአዲስ ለወጥኩ። ካሙን አውጥቼ ዝገቱን አስለቀቅኩና ሙቀት የሚችል ግራሶ በስሱ ቀባሁት። ዘይቱ ሸራው ዘንድ አልደረሰም ነበር፣ ተመስገን። ማገጃውን ግን ለወጥኩት፤ ለወራት ከ100 ዲግሪ ታምቡር አጠገብ የኖረ ላስቲክ ደርቆ ጠርዙ ጠንክሮ ነበር። ጎማው ከወረደ አይቀር ብዬ ዲፈረንሻሉና ጎማው የሚጋጠሙባቸውን ጥርሶችም አጽድቼ ግራሶ ቀባሁ። እነዚያ ጥርሶች በዝምታ የሚበሉ ናቸው፣ ሙቀትም ድምፅም አይሰጡም፤ ማየት ብቻ ነው መፍትሔው።

ዲፈረንሻሉን ግን አልከፈትኩትም። በመጀመሪያው ሳምንት ልከፍተው መሣሪያ ለመከራየት ጠይቄ ነበር። በውስጡ ያሉት ስስ ቀለበቶች ውፍረት በመቶኛ ሚሊ ሜትር የሚቆጠር ነው፤ ያለልምድ የነካቸው ሰው ኩሽኔታውን አጥብቆ በእርግጥ የሚግል ዲፈረንሻል ሊሠራ ይችላል። ማግኔቱ ላይ ስንጥር ቢኖር፣ ጎማውን ከላይና ከታች ይዤ ስወዘውዘው ቢላወስ፣ ወይም አንገቱ ብቻውን ከሌሎቹ በልጦ ቢግል ያን ጊዜ ወደ ባለሙያ እወስደዋለሁ። ከሦስቱ አንዱም አልነበረም።

ናስትሮው በሙቀት ስለሚላቀቅ በምትኩ ሦስት ሳንቲም የሚያክሉ ነጥቦችን ሙቀት በሚችል፣ በማያብለጨልጭ ጥቁር ቀለም ቀብቻለሁ። በመቀመጫው ሥር ባለች ደብተር ላይ የአየሩን ሙቀትና ሦስቱን ቁጥሮች እጽፋለሁ፤ የማየውም ከአየሩ ምን ያህል እንደበለጡ ነው። ባለፈው እሑድ 880 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ከግሮሰር ፌልድቤርግ ተራራ የኋላውን ፍሬን እየተጠቀምኩ ወረድኩ። በ21 ዲግሪ አየር ታምቡሩ 74፣ ሆዱ 60፣ አንገቱ 54። ከዚያ ሜዳው ላይ 10 ደቂቃ ፍሬን ሳልነካ ነድቼ እንደገና ለካሁ፤ ታምቡሩ 51፣ ሆዱ 56፣ አንገቱ 53።